የኅዋ ፊዚክስ ተመራማሪን ሥራ የሚቆጥሩ አራት አገልግሎቶች፦ ደብረ ብርሃን ሆኖ ለሚጠቀም ሰው የተዘጋጀ ግምገማ

የማዕረግ ዕድገት ፋይል ሲዘጋጅም ሆነ የምርምር ገንዘብ ሲጠየቅ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ ስንት ጽሑፍ ታተመ፣ በሌሎች ጽሑፎችስ ስንት ጊዜ ተጠቀሰ? ደብረ ብርሃን ተቀምጦ አዮኖስፌርን (በኤሌክትሪክ የተሞላውን የላይኛውን ከባቢ አየር) ወይም የምድርን መግነጢሳዊ መስክ የሚያጠና ሰው ይህን ጥያቄ ለጉግል ስኮላር፣ የአታሚው የኤልሴቪየር ንብረት ለሆነው ለስኮፐስ እና የሥነ ፈለክና የፊዚክስ ጽሑፎች ቋት ለሆነው ለኤ.ዲ.ኤስ ቢያቀርብ ሦስት የተለያዩ መልሶች ሊያገኝ ይችላል። ሦስቱም አልዋሹም፤ የሚቆጥሩት ነገር ግን አንድ አይደለም። አራተኛው፣ ለተመራማሪ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ኦርኪድ፣ ጥቅስ አይቆጥርም፤ ሆኖም ሌሎቹ በትክክል እንዲቆጥሩ የሚያደርገው እሱ ነው።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ለኅዋ ፊዚክስ ኤ.ዲ.ኤስ ይቅደም። ኦርኪድ ከሁሉ በፊት ይከፈት። ጉግል ስኮላር ሰው እንዲያገኝዎት ይጠቅማል፤ ቁጥሩ ግን ሳይጸዳ ወደ ፋይል አይግባ። ስኮፐስን ስህተት ለማረም ያህል በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ መጎብኘት ይበቃል።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ። የጽሑፍንና የጥቅስን ብዛት በአንድ ቁጥር የሚገልጸውን ኤች-ኢንዴክስን እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ስሌቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይፈልጋል። ጽሑፎቹ ብዙ ከተጠቀሰው ጀምሮ ወደ ታች ይደረደራሉ፤ ከዚያ የጥቅሱ ብዛት ከተራ ቁጥሩ የማያንስበት የመጨረሻው መስመር ይፈለጋል። ለምሳሌ 12 ጽሑፎች ያሉት ተመራማሪ ጥቅሶቹ 48፣ 31፣ 22፣ 17፣ 11፣ 9፣ 8፣ 5፣ 3፣ 2፣ 0 እና 0 ቢሆኑ፣ 7ኛው ጽሑፍ 8 ጊዜ ስለተጠቀሰ ያልፋል፤ 8ኛው ግን 5 ብቻ ስለሆነ ይወድቃል። ስለዚህ ኤች-ኢንዴክሱ 7 ነው። ጠቅላላ ጥቅሱ 156 ይሆናል፤ 10 ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱትን የሚቆጥረው አይ-10 ደግሞ 5።

አሁን በዚሁ ዝርዝር ላይ ትንሽ ስህተት እናስገባ። 9 ጊዜ የተጠቀሰው ጽሑፍ ርዕሱ በሁለት መንገድ ስለተጻፈ ለሁለት ቢከፈል፣ አንዱ 5 ሌላው 4 ጥቅስ ይዞ ቢቀመጥ፣ ኤች-ኢንዴክሱ ወደ 6 ይወርዳል። በተቃራኒው የሞክሼ ሰው ሁለት ጽሑፎች፣ አንዱ 15 ሌላው 12 ጥቅስ ይዘው ቢገቡ፣ ወደ 8 ይወጣል። አንድ መዝገብ ሲከፈል ወይም ሁለት እንግዳ መዝገብ ሲገባ ይህን ያህል ለውጥ ይመጣል። ጥቂት ጽሑፍ ላለው ጀማሪ ተመራማሪ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

የስህተቱ ትልቁ ምንጭ እኛ ጋር ስም ነው። የውጭ የመረጃ ቋቶች ሰውን በቤተሰብ ስም ይይዛሉ፤ የእኛ የመጨረሻ ስም ግን የአባት ወይም የአያት ነው። አንዱ ጽሑፍ ላይ በአባቱ ስም፣ ሌላው ላይ በአያቱ ስም የጨረሰ ተመራማሪ ለሥርዓቱ ሁለት ሰው ነው። ኃይለ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ገብረ ሥላሴ የመሳሰሉ ድርብ ስሞች ሲመጡ ይብሳል። በላቲን ፊደል አንዴ ተያይዘው፣ አንዴ ተለያይተው፣ አንዴ በሰረዝ ይጻፋሉ፤ ከተለያዩ ሥርዓቱ «ማርያም»ን ብቻ የቤተሰብ ስም አድርጎ «ኃይለ»ን መካከለኛ ስም ያደርገዋል። ጸ እና ጽ አንዱ ጋ በቲ እና ኤስ፣ ሌላው ጋ በኤስ ብቻ ይጻፋሉ። ቀ በኪውም በኬም ይመጣል። በዚህ ላይ አታሚዎች የመጀመሪያውን ስም ወደ አንድ ፊደል ሲያሳጥሩት፣ ከአንድ ትምህርት ክፍል ሁለት ሦስት ተስፋዬዎች ወይም ከበደዎች አንድ ላይ ይቀላቀላሉ።

መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት መወሰድ አለበት። ስሙ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ የማስተርስ ተማሪ ሳሉ ይወስኑ፤ በፓስፖርት ላይ ከሚኖረው ጋር አንድ ይሁን፤ ድርብ ስም ከሆነ ተያይዞ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ በአንድ ፊደል እንኳ አይለወጥ። ቀድሞ በተለያየ መንገድ ያሳተመ ሰው ያለፈውን መለወጥ አይችልም፤ ግን በኦርኪድ ማሰር ይችላል።

ኦርኪድ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረ፣ ለተመራማሪ በነፃ የሚሰጥ ባለ16 አኃዝ መለያ ነው። አራት አራት ሆኖ ይጻፋል፤ የመጨረሻው ቦታ የማረጋገጫ አኃዝ ስለሆነ አንዳንዴ ኤክስ የሚለው የላቲን ፊደል ይሆናል። ስህተት መስሎት የሚሰርዘው ሰው ስላለ ልብ ይባል። ለመክፈት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሁለት ኢሜይል ያስገቡ፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲው ሌላው የግል፤ የዩኒቨርሲቲውን ብቻ ያስገባ ሰው መሥሪያ ቤት ሲቀይር ወይም የኢሜይል ሰርቨሩ ሲቋረጥ ከራሱ መዝገብ ውጭ ይቀራል። «ሌሎች ስሞች» በሚለው ቦታ እስካሁን የታተሙባቸውን የስም አጻጻፎች ሁሉ ይዘርዝሩ። የሥራ ዝርዝሩን በእጅ ከመተየብ ይልቅ «ፈልግና አያይዝ» በሚለው መንገድ አታሚዎች ጽሑፎቻቸውን ከሚያስመዘግቡበት ከክሮስሬፍ ማስገባት ይሻላል፤ የጽሑፉ ቋሚ መለያ የሆነው ዲ.ኦ.አይ ቁጥር አብሮ ስለሚመጣ ቅጂዎች ራሳቸው ይገናኛሉ። ክሮስሬፍ ወደፊት የሚታተሙትን ራሱ እንዲጨምር ፈቃድ ሲጠይቅም ይፍቀዱለት። የመታያ ምርጫው «ለሁሉም» ይሁን። «ለእኔ ብቻ» ተብሎ የተቀመጠ መዝገብ ለሌሎቹ አገልግሎቶች ባዶ ገጽ ነው፤ ብዙ ሰው ኦርኪድ ከፍቶ ምንም ጥቅም አላገኘሁም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ጉግል ስኮላር እንሂድ። ፍለጋው እ.ኤ.አ. በ2004፣ የተመራማሪ ገጹ ደግሞ በ2011 ተጀመረ። ጥንካሬው ስፋቱ ነው፤ ጆርናል፣ መጽሐፍ፣ የዶክትሬት መመረቂያ፣ ፕሪፕሪንት (ከመገምገሙ በፊት የወጣ ቅጂ)፣ የጉባኤ ጽሑፍ፣ ሁሉንም ይሰበስባል። በአገር ውስጥ ጆርናል የወጣ ሥራ በሌሎቹ ቋቶች ውስጥ ባይኖር እንኳ እዚህ ሊገኝ ይችላል። ገጹ ቀላል ስለሆነ ደካማ መስመር ላይ ይከፈታል። ገንዘብ አይጠይቅም።

ድክመቱም ከስፋቱ ይመነጫል፤ ያልጸዳ የስኮላር ገጽ ከእብቁ ጋር የተሰፈረ ገብስ ማለት ነው። በኅዋ ፊዚክስ ይህ በተለይ ጎልቶ ይታያል፤ ምክንያቱም የሙያው ሰዎች በአሜሪካ ጂኦፊዚካል ኅብረት ዓመታዊ ስብሰባና በአውሮፓው የጂኦሳይንስ ኅብረት ጉባኤ ላይ በየዓመቱ አጫጭር የጽሑፍ ማጠቃለያዎችን ያቀርባሉ። ስኮላር እነዚህን ከሙሉ ጽሑፍ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። 40 መዝገብ ያለው ገጽ ሲመረመር በአቻ ግምገማ (በሌሎች የሙያው ሰዎች ምርመራ) ያለፈው ከግማሽ በታች ቢሆን የሚያስገርም አይደለም።

አከፋፈቱ እንዲህ ነው። በጉግል መለያ ይግቡ፤ ስምዎን፣ ተቋምዎንና የሙያ ቃላትን ይሙሉ፤ የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል አስገብተው የሚላከውን ማረጋገጫ ይጫኑ። ይህ ካልተረጋገጠ ገጽዎ በስም ፍለጋ ውስጥ አይወጣም። ጽሑፎችን ሲመርጡ «ሁሉንም ጨምር» የሚለውን አይንኩ፤ አንድ በአንድ ያመልክቱ። ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫ ወሳኝ ነው፦ ዝርዝሩ በራሱ ይዘመን ወይስ በኢሜይል ይጠየቁ? ሁለተኛውን ይምረጡ። በራሱ እንዲዘምን የተፈቀደለት ገጽ የሞክሼ ሰዎችን ሥራ ይጨምራል፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ስለ ቡና በሽታ ወይም ስለ ሕዝብ ጤና የተጻፈ ጽሑፍ በስሙ ተቀምጦ ይገኛል። ለኅዋ ፊዚክስ ባለሙያ ይህ የሚያሳፍር ብቻ ሳይሆን የሚያስጠይቅም ነው፤ የገጹ ባለቤት እሱ ነውና።

የተደጋገመ መዝገብ ሲኖር ሁለቱን አመልክቶ «አዋህድ» ማለት ይቻላል። ፕሪፕሪንትና የታተመው ቅጂ እንዲህ ይዋሃዱ፤ የጉባኤ ማጠቃለያን ከሙሉ ጽሑፍ ጋር ማዋሃድ ግን ትክክል አይደለም፣ ርዕሳቸው ቢመሳሰልም ሁለት ሥራ ናቸውና። ከተዋሃደ በኋላ በጥቅሱ ቁጥር ጎን ኮከብ ምልክት ሊታይ ይችላል፤ ቁጥሩ ግምት መሆኑን ነው የሚነግረን። አዳዲስ ጽሑፎች ቶሎ ይገባሉ። ቀድሞ የገባ መዝገብ ላይ ያለ ስህተት ግን አታሚው ድረ ገጹን ካረመ በኋላም እስኪስተካከል ወራት፣ አንዳንዴ ዓመት ይወስዳል። ስለዚህ ማመልከቻ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ማጽዳት መጀመር አይረዳም።

ሌላ አገርኛ ጉድለትም አለ፦ የዘመን አቆጣጠር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2012 ተብሎ የታተመ መመረቂያ ወይም የአገር ውስጥ ጽሑፍ፣ ሥርዓቱ እንደ አውሮፓውያኑ 2012 ይወስደዋል። እውነተኛው ዘመን 2019 ወይም 2020 ነው። ውጤቱ በሁለት በኩል ይጎዳል። አንደኛ፣ የመጀመሪያ ሥራው ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሄድ ኤች-ኢንዴክስ በሥራ ዘመን ሲካፈል ቁጥሩ ያንሳል፤ ኤች-ኢንዴክሱ 7፣ የሥራ ዘመኑ 7 ዓመት የሆነ ሰው ውጤቱ 1 መሆን ሲገባው 15 ዓመት ተቆጥሮበት 0.5 እንኳ አይሞላም። ሁለተኛ፣ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት የተጠቀሰ ይመስላል። በስኮላር ገጽ ላይ ዓመቱን በእጅ ማረም ይቻላል፤ መመረቂያውን ወደ ዩኒቨርሲቲው የመረጃ ማከማቻ የሚያስገባው ባለሙያም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያለውን ዓመት በመግለጫው ላይ ቢጽፍ ችግሩ ከምንጩ ይደርቃል።

ስኮላር የራስን ጥቅስ ነጥሎ አያሳይም። ተመራማሪው በየጽሑፉ ራሱን የሚጠቅስ ከሆነ ድምሩ ውስጥ ነው። በጎን ያለው የቅርብ አምስት ዓመት ዓምድ ግን መልካም ነገር ነው፤ ሥራው ዛሬም እየተነበበ መሆን አለመሆኑን ከጠቅላላው ድምር ይበልጥ ይናገራል።

አሁን ወደምንመርጠው። ኤ.ዲ.ኤስ በናሳ ገንዘብ የሚደገፍ፣ በስሚዝሶንያን የአስትሮፊዚክስ ምርምር ማዕከል የሚተዳደር፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሥነ ፈለክና የፊዚክስ ሰዎች የኖሩበት ቤተ መጻሕፍት ነው። ለመፈለግ መመዝገብ አያስፈልግም፤ ክፍያም የለውም። የኅዋ ፊዚክስ ዋና ዋና ጆርናሎች፣ የጂኦፊዚካል ሪሰርች ጆርናል የኅዋ ፊዚክስ ክፍል፣ ጂኦፊዚካል ሪሰርች ሌተርስ፣ ስፔስ ዌዘር፣ አናሌስ ጂኦፊዚኬ፣ አድቫንስስ ኢን ስፔስ ሪሰርች፣ ስፔስ ሳይንስ ሪቪውስ፣ ሁሉም አሉበት።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በደራሲ መስክ ላይ የቤተሰብ ስም፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያ የመጀመሪያ ስም ይገባል። ከስሙ ፊት የ^ ምልክት ሲጨመር መጀመሪያ ደራሲ የሆነባቸው ብቻ ይወጣሉ፤ ይህን ሌሎቹ በቀላሉ አይሰጡም። ከዚህ የሚሻለው ግን በስም ሳይሆን በኦርኪድ ቁጥር መፈለግ ነው፤ ያን ጊዜ ሞክሼ አይቀላቀልም። ለዚህ በቅድሚያ ወደ ኤ.ዲ.ኤስ በኦርኪድ ገብቶ እያንዳንዱን ጽሑፍ «የእኔ ነው» ማለት ያስፈልጋል። 20 ጽሑፍ ላለው ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ቀጥሎ በአቻ ግምገማ ያለፉትን ብቻ የሚያስቀረውን ማጣሪያ ይምረጡ፤ የጉባኤ ማጠቃለያዎቹ በሙሉ ይወጣሉ። ከዚያ «ሜትሪክስ» የሚለውን ሲከፍቱ ሠንጠረዥ ይመጣል። ኤች-ኢንዴክስ፣ አይ-10፣ ጂ-ኢንዴክስ (ብዙ ለተጠቀሱ ጽሑፎች የበለጠ ክብደት የሚሰጥ)፣ የዓመት በዓመት ግራፍ፣ የተገመገሙትና ያልተገመገሙት ተለይተው።

ከሠንጠረዡ ውስጥ ብዙ ሰው አልፎት የሚሄደው መስመር «የተመጣጠነ ጥቅስ» የሚለው ነው። የአንድን ጽሑፍ ጥቅስ ለደራሲዎቹ ብዛት ያካፍለዋል። 60 ጊዜ የተጠቀሰ የ30 ደራሲዎች ጽሑፍ ለእያንዳንዱ 2 ይደርሰዋል፤ 12 ጊዜ የተጠቀሰ የሁለት ሰዎች ጽሑፍ ደግሞ 6። በኅዋ ፊዚክስ ይህ ጉዳይ ከባድ ነው። ቴሚስ፣ ኤም.ኤም.ኤስ፣ ስዋርም የመሳሰሉ የሳተላይት ተልዕኮዎች የመሣሪያ መግለጫ ጽሑፎች ብዙ ደራሲ አላቸው፤ ዳታውን የሚጠቀም ሁሉ እነሱን መጥቀስ ስላለበት ጥቅሳቸው እጅግ ይበዛል። የዓለም አቀፉ ማጣቀሻ አዮኖስፌር ሞዴል ጽሑፎችም እንዲሁ ናቸው። የሙያ ባልደረባን ከሌላው ጋር ስናወዳድር የመሣሪያ ወይም የሞዴል ጽሑፍ ያለውንና የሌለውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግፍ ነው።

መስመር ሲደክም ከገጹ ግርጌ ወደ ቀላሉ ስሪት መቀየር ይቻላል፤ ግራፎቹ ይቀራሉ፣ ፍለጋው ግን ይሠራል። ጉድለቱንም አንደብቅ። ኤ.ዲ.ኤስ ከሥነ ፈለክ፣ ከፊዚክስና ከምድር ሳይንስ ውጭ ሽፋኑ ይሳሳል። የጂ.ፒ.ኤስ ምልክት መዛባትን አጥንቶ በመሐንዲሶች ጆርናል የተጠቀሰ ሰው እዚህ የተወሰነውን ጥቅሱን አያገኝም። የአገር ውስጥ ጆርናሎች አብዛኛውን ጊዜ የሉበትም። ለእንዲህ ዓይነቱ ተመራማሪ የስኮላርንና የኤ.ዲ.ኤስን ቁጥር ጎን ለጎን ማቅረብ ተገቢ ነው።

ስኮፐስ የኤልሴቪየር ንብረት ነው፤ ሙሉ አገልግሎቱ በተቋም ደረጃ ይከፈልበታል። ሳይከፈል የደራሲ ገጽን መፈለግ፣ ኤች-ኢንዴክሱን ማየትና ስህተትን ለማረም ማመልከት ይቻላል፤ ለብዙዎቻችን የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። የደራሲ መለያውን ባለቤቱ ሳይሆን ሥርዓቱ ራሱ ስለሚፈጥረው የስም አጻጻፉ የተለያየ ሰው ሁለት ሦስት መለያ ይኖረዋል። ሁሉንም ፈልጎ «የአንድ ሰው ናቸው» ብሎ ማመልከት ነው። ጥብቅነቱ ለገምጋሚ ኮሚቴ ይመቻል፤ ለኢኳቶሪያል አዮኖስፌር ተመራማሪ የሚጨምረው አዲስ መረጃ ግን ጥቂት ነው።

ከአራቱም ውጭ የሚቀር አንድ ሥራ አለ፤ እኛን በቀጥታ ይነካናል። መግነጢሳዊው ወገብ (የምድር መግነጢሳዊ መስክ አግድም የሚሆንበት መስመር) በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፣ ደብረ ብርሃንም ከመስመሩ ሩቅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1951 ሲድኒ ቻፕማን ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ብሎ የሰየመው የኤሌክትሪክ ጅረት በላያችን ይፈስሳል፤ የአዲስ አበባው የመግነጢስ መመልከቻ ከ1958 አንስቶ የሚመዘግበውም ለዚህ ነው። ማግኔቶሜትር (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) ወይም የጂ.ፒ.ኤስ ተቀባይ የሚጠብቅ፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪ የሚቀይር፣ ገመድ የሚያድስ፣ ዳታ የሚያጸዳ ባለሙያ ግን ስሙ በጽሑፉ መጨረሻ የምስጋና መስመር ላይ ብቻ ይገባል። የምስጋና መስመር በየትኛውም አገልግሎት ጥቅስ ሆኖ አይቆጠርም። መፍትሔው ዳታውን ራሱን ማሳተም ነው። ዜኖዶ የተባለው፣ በአውሮፓው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል በሰርን የሚተዳደረው ማከማቻ በነፃ ዲ.ኦ.አይ ይሰጣል፤ አንድ መዝገብ እስከ 50 ጊጋባይት ይይዛል፤ የደቂቃ በደቂቃ የመግነጢስ ንባብ የአንድ ዓመት ፋይል ከዚህ ጥቂቱን እንኳ አይሞላም። የጣቢያው ባለሙያ ስም ከነኦርኪዱ ፈጣሪ ተብሎ ይግባ፤ የመሣሪያው ዓይነት፣ የናሙናው ክፍተት፣ ዳታ የተቋረጠባቸው ቀናት በመግለጫው ይዘርዘሩ። ከዚያ ተጠቃሚው በማጣቀሻ ዝርዝሩ ውስጥ እንዲጠቅሰው በግልጽ ይጻፍ። ያን ጊዜ ብቻ ነው ሥራው የሚቆጠረው።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር። ዩጂን ፓርከር የተባለው የፊዚክስ ሊቅ የፀሐይን ነፋስ (ከፀሐይ የሚወጣውን የቅንጣቶች ጅረት) የተነበየበት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲቀርብ ገምጋሚዎቹ አልተቀበሉትም ነበር፤ ያሳተመው የጆርናሉ አዘጋጅ ቻንድራሴካር ነው። ማሪነር 2 የተባለችው መንኮራኩር በ1962 ነፋሱን በቀጥታ ለካ። በዚያ መካከል ባሉት ዓመታት ማንኛውም ቆጣሪ ለፓርከር ትልቅ ቁጥር አይሰጠውም ነበር። ባለፈው ዓመት ያሳተመን ወጣት ተመራማሪ በጥቅስ ብዛት የሚመዝን ኮሚቴ የሚለካው ሥራውን ሳይሆን ዕድሜውን ነው፤ ጽሑፉን ራሱን ከማንበብ ሌላ መንገድ የለውም።

ለፋይል የሚቀርበው መግለጫ እንግዲህ ቁጥር ብቻ ሆኖ አይቅረብ፤ የተወሰደበት አገልግሎት፣ የተወሰደበት ቀንና የተደረገው ማጣሪያ አብረው ይጻፉ። ለምሳሌ፦ «ኤ.ዲ.ኤስ፣ በኦርኪድ የተፈለገ፣ በአቻ ግምገማ ያለፉ ብቻ፤ 12 ጽሑፍ፣ ከነዚህ 5 በመጀመሪያ ደራሲነት፤ 156 ጥቅስ፣ ኤች-ኢንዴክስ 7።» ከሥሩ የኦርኪድ ቁጥሩ። ዝርዝሩን ከኤ.ዲ.ኤስ በፋይል አውርዶ ማያያዝም ይቻላል፤ ኮሚቴው መስመር በሌለበት ቀን ቢሰበሰብ እንኳ ቆጥሮ ማረጋገጥ ይችላል።